«ነፃ» ጉዞና የኪራይ መኪና ቶል፦ አሜሪካ ውስጥ ያልጠበቁት ሂሳብ እንዳይመጣብዎ ደረጃ በደረጃ

ከእረፍት ከተመለሱ ከሳምንታት በኋላ ካርድዎ ላይ «ቶል» (የመንገድ ወይም የድልድይ ማለፊያ ክፍያ) የሚል ሂሳብ ብቅ ይላል። «በነፃ» የተሰጠው የሆቴል ማረፊያም ሲደመር፣ በገንዘብ ቢይዙት ከሚያወጡት በላይ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው፦ ዋጋውን በትክክል ከማወቅዎ በፊት ፈቃድዎን ይወስዳሉ። አንዱ ጋ የካርድ ቁጥር በስልክ ሲሰጡ፣ ሌላው ጋ የኪራይ ድርጅቱ ባንኮኒ ላይ ሲፈርሙ። ስለዚህ አብዛኛው ሥራ ያለው ከጉዞው በፊት ነው። ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ይሥሩ፤ ነፃ ግብዣ የሌለዎትና መኪና ብቻ የሚከራዩ ከሆነ በቀጥታ ወደ ደረጃ 4 ይለፉ።

ከመነሳትዎ በፊት የሚያዘጋጁት

- ክሬዲት ካርድ። ለግብዣውም ለመኪናውም ዴቢት ካርድ አይጠቀሙ። በዴቢት የተወሰደ ገንዘብ ከሂሳብዎ ወጥቶ ነው ክርክሩ የሚጀመረው፤ በክሬዲት ግን ገንዘቡ እጅዎ ላይ እያለ ይከራከራሉ።
- የሚሄዱበት ስቴት የሚቀበለው የቶል መሣሪያ (ትራንስፖንደር)፣ ካለዎት። የአካውንቱን የይለፍ ቃልና ቀሪ ሂሳብ አስቀድመው ይፈትሹ። ሂሳቡ ካለቀ መሣሪያው ቢኖርም እንዳልከፈለ ሰው ይቆጠራሉ።
- ስልክዎ ላይ ለዚህ ጉዞ ብቻ የሚሆን አንድ የፎቶ አልበም። ውሉ፣ ታርጋው፣ ደረሰኙ፣ የኢሜይል ስክሪንሹቱ ሁሉ እዚያ ይግባ።

## ደረጃ 1፦ የ«ነፃ» ግብዣውን ይመርምሩ

ግብዣው በፖስታ፣ በስልክ ወይም በኢሜይል ይመጣል፦ ሁለት የአውሮፕላን ትኬት፣ የሦስት ቀን ሆቴል፣ አጭር የመርከብ ሽርሽር። መልስ ከመስጠትዎ በፊት፦

1. የተቀዳ ድምፅ ከሆነ ስልኩን ይዝጉ። እርስዎ በጽሑፍ ሳይፈቅዱ በተቀዳ ድምፅ ደውሎ መሸጥ በአሜሪካ ሕገወጥ ነው፤ በዚህ የጀመረ ሰው ቀሪውን በሕግ ይሠራል ብለው አይጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና የ10 ስቴቶች ዋና አቃቤ ሕጎች ክስ የመሠረቱበት ዘዴ ይኸው ነበር፤ የፖለቲካ መጠይቅ መስሎ ይደወላል፣ ለመለሰ ሰው «ነፃ» የመርከብ ጉዞ ይቀርብለታል።
2. «አሸንፈዋል» ካሉዎትና ሽልማቱን ለመቀበል ክፍያ ከጠየቁ እዚያው ያቁሙ። የእውነት ሽልማት ገንዘብ አስከፍሎ አይሰጥም። ክፍያውን «ታክስ»፣ «የወደብ ክፍያ» ወይም «ማስኬጃ» ቢሉትም ለውጥ የለውም።
3. የድርጅቱን የጉዞ ሻጭነት ምዝገባ ይጠይቁ። ፍሎሪዳ፣ ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ሃዋይ የጉዞ ሻጮችን ይመዘግባሉ። የካሊፎርኒያው ቁጥር «ሲኤስቲ»፣ የፍሎሪዳው «ኤስቲ» በሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጀምራል። ቁጥሩን ተቀብለው ብቻ አይተዉ፤ በስቴቱ ድረ ገጽ ፈልገው ስሙ መግጠሙን ያረጋግጡ።
4. ሙሉ ደንቡን በጽሑፍ ይጠይቁ። «መጀመሪያ ካርዱን ይስጡን፣ ከዚያ እንልካለን» ካሉ መልሱ «አይሆንም» ነው። «ዛሬ ብቻ» የሚል ግፊትም ደንቡን እንዳያነቡ ለማድረግ የተዘጋጀ ነው።

## ደረጃ 2፦ ደንቡን አንብበው ይደምሩ

ወረቀቱ ሲደርስዎ መጀመሪያ የሚያነቡት በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ነው። እነዚህን ይፈልጉ፦

- የምዝገባ ክፍያና መያዣ። «ተመላሽ የሚሆን» የተባለ መያዣ የሚመለሰው መቼና በምን ሁኔታ እንደሆነ ያንብቡ። ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ከተጓዙ በኋላ ነው፤ ካልተጓዙ ቀለጠ ማለት ነው።
- የቀን ምርጫ። ሦስት አማራጭ ቀኖችን ከብዙ ሳምንታት በፊት እንዲያስገቡ ይጠየቃሉ፤ በዓላትና የበጋ ወራት ደግሞ ዝግ ይሆናሉ። ሦስቱም «ተይዘዋል» ቢሉዎት ምን እንደሚሆን ደንቡ ካልጻፈ፣ ትኬቱ ላይገኝ እንደሚችል አድርገው ያስቡ።
- ተያያዥ ግዢ። ትኬቱ ነፃ ሆኖ ሆቴሉን የግድ ከእነሱ መግዛት የሚጠይቅ ግብዣ ሞልቷል። የዚያኑ ሆቴል ዋጋ በቀጥታ በሆቴሉ ድረ ገጽ ይመልከቱና ያወዳድሩ።
- የሪዞርት ክፍያ (ሆቴሉ ከክፍሉ ዋጋ በላይ በየሌሊቱ የሚጨምረው የግዴታ ክፍያ)። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፌዴራል ደንብ ሆቴሎች በሚያስተዋውቁት ዋጋ ውስጥ ግዴታ የሆኑ ክፍያዎችን ሁሉ እንዲያካትቱ ያዛል። ክፍያውን ግን አልከለከለም። «ነፃ» በተባለ ሌሊት ላይ የሪዞርት ክፍያውና የመኪና ማቆሚያው በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ስለዚህ ሆቴሉን ራሱን ደውለው ይጠይቁ።
- የብቁነት መስፈርት። ዕድሜ፣ ዓመታዊ ገቢ፣ «ባልና ሚስት አብረው መገኘት አለባቸው» የሚል አንቀጽ። ይህን የማያሟላ ወይም ግብዣው የሚጠይቀው የሽያጭ ገለጻ ላይ ያልተገኘ ሰው የክፍሉን ሙሉ ዋጋ እንዲከፍል ይደረጋል። ካርድዎን የሚይዙትም ለዚሁ ነው።

አሁን ሁሉንም ይደምሩ፦ ምዝገባ፣ ታክስ፣ የሪዞርት ክፍያ፣ የግዴታ ግዢ፣ እስከ ቦታው ያለ ትራንስፖርት። ድምሩ ያለ ግብዣው ከሚያወጡት ጋር ከተቀራረበ ይተዉት። የቀናት ነፃነትዎን ያለ ምክንያት አይስጡ።

## ደረጃ 3፦ የታይምሼር ገለጻው ላይ

ግብዣው ከታይምሼር (በየዓመቱ ለተወሰኑ ቀናት የሚጠቀሙበት የእረፍት ማረፊያ ድርሻ) ሽያጭ ጋር የተያያዘ ከሆነ (አብዛኛውን ጊዜ ነው) «90 ደቂቃ» ተብሎ የተጀመረው ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል።

1. ሲገቡ ሰዓቱን ይመዝግቡ፤ ለአስተናጋጁም ጮክ ብለው ይንገሩ። የተጻፈው ጊዜ ሲያልቅ ተነሥተው ስጦታው ወደሚሰጥበት ቦታ ይሂዱ።
2. መታወቂያ ማሳየት ሊያስፈልግ ይችላል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ግን አይስጡ። በዚያ ቁጥር በስምዎ የብድር ማመልከቻ ሊሞላ ይችላል፤ ለቀብድ የሚሆን አዲስ ክሬዲት ካርድ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይከፈታል።
3. ሻጩ በቃል የሚሰጠው ተስፋ («ሲፈልጉ መልሰን እንገዛልዎታለን»፣ «ሲያከራዩት ራሱን ይከፍላል») ውሉ ላይ ከሌለ የለም።

ከፈረሙስ? አይደንግጡ፤ ቀን ግን ይቁጠሩ። ፍሎሪዳ 10 ቀን፣ ካሊፎርኒያ 7 ቀን፣ ኔቫዳ 5 ቀን የመሰረዣ ጊዜ ይሰጣሉ። በሌላ ስቴት ከሆኑ ቀኑ ውሉ ውስጥ ተጽፏል። ከቤት ለቤት ሽያጭ ጋር የሚነሣው የ3 ቀን የፌዴራል ደንብ ለታይምሼር አይሠራም፤ በእሱ አይተማመኑ። ስምዎን፣ የውሉን ቁጥርና «ውሉን ሰርዣለሁ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር የያዘ ደብዳቤ ጽፈው፣ ውሉ ላይ ወደተጠቀሰው አድራሻ በሰርቲፋይድ ሜይል (መላኩን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ በሚሰጥ ፖስታ) ይላኩ፤ የፖስታ ቤቱን ማኅተም ያለበትን ደረሰኝ ይያዙ። ለሻጩ ደውሎ መናገር አይበቃም። ሻጩ «ነገ እንነጋገራለን» እያለ ቀኑን የሚያስጨርስበት ምክንያት ግልጽ ነው።

## ደረጃ 4፦ በመንገድዎ ላይ የትኛው ቶል እንዳለ ይወቁ

የቶል ችግር ሥሩ አንድ ነው፦ ብዙ መንገዶችና ድልድዮች ጥሬ ገንዘብ የሚቀበል ሰው የላቸውም። የሳን ፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት ድልድይ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2013፣ የማሳቹሴትስ ተርንፓይክ የተባለው አውራ ጎዳና እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2016 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በካሜራና በመሣሪያ ነው የሚሠሩት። ካሜራው የሚያነበው ታርጋ የኪራይ ድርጅቱ ስለሆነ ሂሳቡ ወደ ድርጅቱ ይሄዳል፤ ድርጅቱ ደግሞ የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ጨምሮ ካርድዎን ይነካል።

ከጉዞው በፊት ማታ ካርታውን ይክፈቱና፦

- መንገዱን ሁለት ጊዜ ይፈልጉ፤ አንዴ እንዳለ፣ አንዴ «ቶል አስወግድ» የሚለውን አብርተው። ልዩነቱ አሥር ደቂቃ ከሆነ ከቶል ነፃ የሆነውን ይምረጡና ቅንብሩን እንደበራ ይተዉት።
- በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈልባቸውን ይለዩ። ጎልደን ጌት የሚያስከፍለው ወደ ደቡብ፣ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሲገቡ ብቻ ነው።
- ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ከደለስ አየር ማረፊያ መኪና የሚያነሡ ከሆነ፣ ወደ አየር ማረፊያው የሚያደርሰውና ከዚያ የሚያወጣው የመሃል መንገድ ለአየር ማረፊያ ተጠቃሚዎች ነፃ ነው። ጎን ለጎኑ ያለው የደለስ ቶል መንገድ ግን ይከፈልበታል። ምልክቱን ሳያዩ መሥመር መቀየር እዚህ ገንዘብ ያስወጣል።
- በዚያው አካባቢ ያሉት የአይ-95፣ አይ-495 እና አይ-66 አውራ ጎዳናዎች ኤክስፕረስ መሥመሮች ዋጋቸው እንደ መጨናነቁ ይለዋወጣል። ሦስት ሰው ሆኖ በነፃ ለመሄድ ኢዚፓስ ፍሌክስ የተባለው የቶል መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ሦስት ሰው መሆን ብቻውን አያድንም።

## ደረጃ 5፦ እንዴት እንደሚከፍሉ ይምረጡ

የራስዎ መሣሪያ። ከሁሉ የሚረክሰው ይህ ነው። ኢዚፓስ ከሜይን እስከ ፍሎሪዳ ባሉት የምሥራቅ ስቴቶች በሰፊው ይሠራል፤ ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ግን የራሳቸው አላቸው። ፍሎሪዳ ላይ ለኪራይ መኪና ሰንፓስ ሚኒ የተባለውን ተለጣፊ የቶል መሣሪያ አይግዙ፤ አንዴ ከተለጠፈ ሲነሣ ይበላሻል። ሰንፓስ ፕሮ ከመኪና ወደ መኪና ይዛወራል፣ የኢዚፓስ ስቴቶችም ይቀበሉታል።

የጎብኚ ፓስ። ኦርላንዶ አየር ማረፊያ ለሚያርፉ የማዕከላዊ ፍሎሪዳ የመንገድ ባለሥልጣን በነፃ የሚሰጠው፣ መስታወት ላይ የሚንጠለጠል ፓስ አለ። በስልክ መተግበሪያ ተመዝግበው ይወስዱታል፣ ሲመለሱ ሳጥን ውስጥ ይጥሉታል፤ የሚከፍሉት ቶሉን ብቻ ነው። በእውነት ነፃ ከሆኑት ጥቂቶች አንዱ ስለሆነ ይጠቀሙበት።

በድረ ገጽ መክፈል። ጎልደን ጌትን አንዴ ብቻ የሚያልፉ ከሆነ ከ30 ቀን በፊት ጀምሮ ካለፉ በኋላ እስከ 48 ሰዓት ድረስ ታርጋውን አስገብተው መክፈል ይችላሉ፤ አካውንት አያስፈልግም። ኢሊኖይ ያልተከፈለ ቶል በድረ ገጹ ለመክፈል 14 ቀን ይሰጣል። በኪራይ መኪና ግን 14ኛውን ቀን አይጠብቁ፤ በዚያው ማታ ይክፈሉ። ድርጅቱ ቀድሞ ከከፈለ በኋላ የሚከፍሉት ክፍያ ሁለተኛ ክፍያ ይሆናል።

የኪራይ ድርጅቱ ፕሮግራም። ፕሌትፓስ፣ ኢ-ቶል፣ ቶልፓስ የሚባሉት ናቸው። በየቀኑ ብዙ ቶል የሚያልፉ ከሆነ ያዋጣ ይሆናል። ቀመሩን ሳያውቁ ግን አይቀበሉ።

## ደረጃ 6፦ ባንኮኒው ላይ

ሠራተኛው ስክሪኑን ወደ እርስዎ ሲያዞር አይፈርሙ፤ መጀመሪያ ይጠይቁ፦ «የቶል ፕሮግራሙ የቀን ክፍያ የሚቆጠረው ቶል በተጠቀምኩበት ቀን ብቻ ነው ወይስ በኪራዩ ቀናት ሁሉ?» ልዩነቱን ለማሳየት ያህል፦ የ7 ቀን ኪራይ፣ አንድ የ2 ዶላር ቶል፣ የቀን ክፍያው 10 ዶላር ነው እንበል። በተጠቀሙበት ቀን ብቻ ከሆነ 12 ዶላር፤ በሁሉም ቀን ከሆነ 72 ዶላር። «ያልተገደበ ቶል» የሚለውን ጥቅል በቀን 13 ዶላር ከወሰዱ ደግሞ 91 ዶላር። በሦስቱም መኪናው ያለፈው አንድ ጊዜ ነው።

ቀጥለው፦ «የአገልግሎት ክፍያው ጣሪያ ስንት ነው? ቶሉ የሚሰላው በየትኛው ተመን ነው?» ድርጅቶቹ ቶሉን ራሱን የሚያስከፍሉት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቅናሽ፣ በከፍተኛው ተመን ነው።

አንድ ነገር በደንብ ይረዱ፦ ፕሮግራሙን «አልፈልግም» ማለት ከክፍያ አያድንም። አልፈልግም ብለው በካሜራ መንገድ ካለፉ ውሉ ውስጥ ያለው ነባር አንቀጽ ይሠራል፤ በአንዳንድ ድርጅቶች ለእያንዳንዱ ያልተከፈለ ቶል የተለየ የማስተዳደሪያ ክፍያ ይጨመራል። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አቃቤ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2017 ኸርዝ የተባለውን የመኪና ኪራይ ድርጅት የከሰሰው በጎልደን ጌት ላይ በነበረው የቶል አከፋፈል ነው፤ በ2019 ጉዳዩ በ3.65 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ክሱ ቢዘጋም የየቀኑ ክፍያ አሠራር አልጠፋም፤ ስለዚህ «አልፈልግም» ካሉ ከደረጃ 5 አንዱን መክፈያ መያዝ አለብዎት።

ባንኮኒው ላይ ሌሎችም «ነፃ» ነገሮች ይቀርባሉ። «ነፃ ቀን» የሚል ኩፖን የሚቀንሰው የመነሻ ኪራዩን ብቻ ነው፤ ታክስና የአየር ማረፊያ ክፍያ ይቀራል። ቤንዚን አስቀድመው ከገዙ ሳይጠቀሙበት የተረፈው ብዙውን ጊዜ አይመለስም። መኪናውን «በነፃ አሳድገንልዎታል» ካሉ ውሉ ላይ የተጻፈው የቀን ዋጋ አለመቀየሩን ይመልከቱ።

## ደረጃ 7፦ ሞተር ሳያስነሡ ሳጥኑንና ታርጋውን ያስተካክሉ

የፊት መስታወቱ ላይ፣ ከኋላ ማሳያው መስተዋት ጀርባ፣ ትንሽ ግራጫ ወይም ነጭ ሳጥን ካለ የድርጅቱ የቶል መሣሪያ ነው። ተንሸራታች ክዳን አለው። ክዳኑ ከተከፈተ ይሠራል፤ ከተዘጋ አይሠራም። ያለፈው ተከራይ ከፍቶት ሊሆን ይችላል። ቀጭ እስኪል ይዝጉት፣ ሰዓቱ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ ያንሱት።

ከዚያ፦

1. የራስዎን መሣሪያ መስታወቱ ላይ ከላይ በኩል ከኋላ ማሳያው መስተዋት አጠገብ ይለጥፉት። በእጅ ይዘው ወይም ዳሽቦርድ ላይ ጥለው አይለፉ፤ አንባቢው ሊስተው ይችላል፣ ከሳተው ታርጋው ይነበባል።
2. የፊቱንም የኋላውንም ታርጋ ፎቶ ያንሱ። ከመኪናው ላይ እንጂ ከቁልፍ መያዣው ላይ አይቅዱ፤ ወረቀቱ አንዳንዴ የሌላ መኪና ይሆናል።
3. ወደ ቶል አካውንትዎ ገብተው ታርጋውን ይጨምሩ። የታርጋው ስቴት መኪናውን ከተከራዩበት ስቴት ሊለይ ይችላል፤ ሜሪላንድ ላይ የቴክሳስ ታርጋ ያለው መኪና ይሰጥዎታል። ዜሮንና ኦ ፊደልን አያምታቱ።
4. የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቀንና ሰዓት ያስገቡ። መጨረሻውን ካላስገቡ የሚቀጥለው ተከራይ ቶል ከእርስዎ ሂሳብ ይቆረጣል።

ከተበላሸ፦ አካውንቱ «ታርጋው በሌላ ስም ተመዝግቧል» ብሎ ከመለሰዎት ድርጅቱ ታርጋውን ቀድሞ አስመዝግቦታል ማለት ነው። ስክሪንሹት ይያዙ፤ መሣሪያዎ በትክክል መለጠፉን ደግመው ያረጋግጡ፤ የሚያድንዎት እሱ ነው። በጉዞ መካከል መኪናው ተበላሽቶ ሌላ ከተሰጠዎት ይህን ደረጃ ከመጀመሪያው ይድገሙ። ሰዎች በብዛት የሚረሱት እዚህ ላይ ነው።

## ደረጃ 8፦ መንገድ ላይና ሲመልሱ

ሳያስቡት ቶል ውስጥ ከገቡ በድንገት ፍሬን አይያዙ፣ ወደ ኋላም አይመለሱ። ይለፉ፤ ከዚያ ደኅና ቦታ ቆመው የመንገዱን ስም፣ አቅጣጫና ሰዓት ይመዝግቡ፤ ማታ በመንገዱ ባለሥልጣን ድረ ገጽ ይክፈሉ።

መኪናውን ሲመልሱ መሣሪያዎን ይንቀሉ (መስታወቱ ላይ ቀርቶ የሌላ ሰው ቶል እንዳይከፍል)፣ የተዘጋውን ሳጥን እንደገና ፎቶ ያንሱ፣ የመመለሻ ሰዓት ያለበት ደረሰኝ ይቀበሉ። ማታውኑ ታርጋውን ከአካውንትዎ ያጥፉ።

## ደረጃ 9፦ ክፍያው ከመጣ

1. በውል ቁጥርዎ ወደ ቶል አስተዳዳሪው (ለኪራይ ድርጅቱ ቶሉን የሚያስከፍለው ድርጅት) ድረ ገጽ ገብተው ዝርዝሩን ያውርዱ። ታርጋ፣ ቀን፣ ሰዓት ከውልዎ ጋር ይግጠሙ። ከመመለሻ ሰዓትዎ በኋላ ያለ ቶል የእርስዎ አይደለም።
2. በራስዎ አካውንት የተከፈለ ቶል ተደግሞ ከመጣ የአካውንቱን ዝርዝርና የተዘጋውን ሳጥን ፎቶ አያይዘው በጽሑፍ ይከራከሩ። መጀመሪያ ለቶል አስተዳዳሪው፣ ቀጥሎ ለኪራይ ድርጅቱ። «የአገልግሎት ክፍያውንም ጭምር መልሱ» ብለው ይጻፉ፤ አለዚያ ቶሉን ብቻ መልሰው ፋይሉን ይዘጉታል።
3. ካልመለሱ ለካርድ ባንክዎ ያመልክቱ። የፌዴራል ሕግ የሚሰጥዎ ጊዜ ስህተቱ ያለበት የመጀመሪያው ሂሳብ ከተላከ ጀምሮ 60 ቀን ነው። ከድርጅቱ ጋር የሚያደርጉት ንግግር ይህን ቀን አያራዝመውም፤ 45 ቀን ካለፈ መልስ ሳይጠብቁ ያስገቡ። ለ«ነፃ» ጉዞ የከፈሉት መያዣም በዚሁ መንገድ ይጠየቃል።
4. ግልባጩን ለስቴቱ ዋና አቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍልና ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ይላኩ።

በዚህ መሃል «ያልከፈሉት ቶል አለ» የሚል የስልክ መልእክት ከደረሰዎ ሊንኩን አይንኩ። ኤፍቢአይ ስለዚህ ማጭበርበር በሚያዝያ 2024 አስጠንቅቋል፤ መልእክቱ የሚላከው መኪና ተከራይቶ ለማያውቅ ሰው ጭምር ነው። የመንገዱን ባለሥልጣን ድረ ገጽ ራስዎ ጽፈው ይክፈቱና በታርጋው ይፈትሹ። እዚያ ከሌለ መልእክቱን ሪፖርት አድርገው ያጥፉት።

የካርድዎን ሂሳብ ከጉዞው በኋላ ለሦስት ወር በየወሩ ይመልከቱ፤ የፎቶ አልበሙንም እስከዚያ አያጥፉ። የቶል ክፍያ ከኪራዩ ተለይቶ፣ በሌላ ድርጅት ስም፣ በትንሽ መጠን ስለሚመጣ በቀላሉ ያልፋል።